ሁለት ቱባና አንድ ቁና ገብስ

ከባዱ ቱባ አሥራ ሁለት ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ቀላሉ ስምንት ኪሎ ከምናምን። በግምት የምናገር እንዳይመስላችሁ። በእህል ሚዛን ላይ ተቀምጠው ሲመዘኑ አይቻለሁ፤ ቁጥሩን ጽፌ የፈረምኩትም እኔው ነኝ። በዕድሜዬ ብዙ የማይረባ ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ እንደዚያ ቀኑ ያለ ግን አንድም አልፈረምኩም።

ነገሩ የሆነው መካነ ሰላም ነው፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር አንድ ወር ገደማ ሲቀረው። ያን ጊዜ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ይባል እንጂ ከሥሬ የነበሩት ጠመኔ፣ የተሰበሩ ወንበሮችና አይጦች ናቸው። ከዚያ በፊት ደሴ ውስጥ በአንድ የማርሽ ባንድ ሰባት ዓመት ቱባ ነፍቻለሁ። ለማያውቀው፣ ቱባ ከናስ መሣሪያዎች ሁሉ ወፍራም ድምፅ ያለው ነው። አፉ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ያህላል። ዜማ አይዝም፤ ከሥር ሆኖ ቡም፣ ቡም ይላል እንጂ። ብቻውን ቢነፋ ምን ዘፈን እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም፤ የቀረ እንደሆነ ደግሞ ባንዱ በሙሉ እግር የሌለው ይመስላል።

ባንዱ ሲበተን ቱባውን ትቼ ብዕር ያዝኩ፤ ብዕሩም ይዞኝ መካነ ሰላም ገባ። መቼም የሠራኸው ሥራ ሁሉ በግል ማኅደርህ ተጽፎ ይከተልሃል። የእኔም ማኅደር ከትምህርት ደረጃዬ በታች አንድ መስመር ነበረበት፤ «ቱባ መንፋት ይችላል» የምትል። ያቺ መስመር ከእስር ቤት ቁልፍ አትተናነስም ነበር። የአውራጃው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ለበዓሉ ባንድ ሲያቋቁም መጀመሪያ ያገኘው እኔን ነው። ከባንዱ አባላት አንድም ሰው በዓሉ ሳያልፍ ከከተማ እንዳይወጣ ተባለ። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም፤ የይለፍ ወረቀቱንም የሚፈርመው እሱው ነበር።

ትእዛዙ በወጣ በአራተኛው ቀን የእህቴ መልእክት ደረሰኝ።

እህቴ ከአቀስታ በላይ ባለው ደጋ ነው የምትኖረው። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ነበር፤ ክረምቱም እንደ ነገሩ አካፍቶ ተወው። መልእክቱን ያመጣልኝ በቅሎ የሚነዳ ነጋዴ ነው። ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ቃሏን ደገመልኝ።

«‹እስከ ጳጉሜ እጠብቀዋለሁ። ጳጉሜ ካለፈ ልጆቹን ይዤ ወደ መንገድ እወጣለሁ› ብላለች።»

ወደ መንገድ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ያን ዓመት ወሎ ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ቤት ዘግቶ፣ ልጅ አዝሎ፣ መኪና ወደሚያልፍበት ወርዶ፣ እህል ይታደላል በተባለበት ሜዳ ላይ መቀመጥ ነው። ከሄዱት ውስጥ የተመለሰ ሰው አላውቅም ነበር።

ወደ ኃላፊው ሄድኩ። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ነበር። እሱም ከላይ የሚጮህበት ሰው አለው።

«ጓድ፣ ከበዓሉ በኋላ ከፈለግህ አንድ ወር ሂድ» አለኝ።

«ከበዓሉ በኋላ አታገኘኝም ብላለች።»

«እኔስ ቱባ የሚነፋ ሰው ከየት አገኛለሁ?»

ወጥቼ ገበያው ዳር ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ። ከተማዋ እንዲያ ጠባ ታይታኝ አታውቅም። ሁለት ቀን ተኩል በእግር የሚያስኬድ መንገድ ፊቴ ተዘርግቶ፣ በአንድ ፊርማ ምክንያት እንደ ታሰረ ፍየል ዙሪያዬን ስዞር ዋልኩ። አፍሬም ነበር፤ በወር ደመወዝ ዳቦ እየበላሁ መሆኑ ያሳፍረኝ ነበር።

በሳምንቱ ከደሴ በጭነት መኪና ሁለት ቱባ መጣ። ሁለቱም ያረጁ ናቸው። አንደኛው በጭን ላይ ቆሞ የሚነፋው ከባዱ ነው፤ ናሱ የወፈረ፣ አፉ ላይ ዘውድ የጫነ አንበሳ ተቀርጾበት የነበረ። አንዱ ትጉህ ሰው ዘውዱን በሞረድ ፍቆ አጥፍቶታል፤ አንበሳው ግን ጭራውን እንደቆለፈ ቀርቷል። ሁለተኛው በራስ የሚጠለቅ፣ ትከሻ ላይ ተጋድሞ ወገብን የሚዞር ነው። ናሱ ስስ ስለሆነ ቀለል ይላል፤ ገብተህበት ስትቆም ግን መውጫው የት እንደሆነ ትረሳለህ። አብሮ የመጣው ደብዳቤ «የሚሻላችሁን አስቀሩ፤ ሌላውን በዚሁ መኪና መልሱ» ይላል።

መኪናው ወደ ደሴ የሚመለሰው በአቀስታ በኩል ነው። ንብረት ደግሞ ያለ ንብረት ክፍል ሠራተኛ አይንቀሳቀስም፤ ደንብ ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ እኔ ነኝ። ይህን ባሰብኩ ጊዜ ጆሮዬ እስኪጮህ ደሜ ሞቀ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። በባንዱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ቱባ የሞከረ አንድ ሰው አለ፤ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ የጁምዓ ሶላቱን የማያስታጉል ሽማግሌ። እሱ ግን ከባዱን መሸከም አይችልም፤ ወገቡ ድሮ ቀርቷል። ከባዱ ከቀረ፣ እኔም እቀራለሁ። ቀላሉ ከቀረ፣ ሽማግሌው ይነፋል፤ እኔ ከባዱን ይዤ እሄዳለሁ። ሁለቱን አወዳድሮ የትኛው እንደሚሻል ለኮሚቴው የሚናገረው ባለሙያ ደግሞ ማን ነው? እኔው።

ለሽማግሌው ነገርኩት። ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ።

«እርስዎ ሊከብድዎት ይችላል» አልኩት። «ልምምዱ አለ፣ ሰልፉ አለ።»

«አብሽር ልጄ። ቀላሉ ነው አላልክም? ከዚህ የከበደ ስንት ነገር ተሸክሜያለሁ። እህትህን ድረስላት። ወላሂ፣ እንዲህ ላለው ነገር አላህም አይቆጣ።»

በማግሥቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኃላፊው ወደ ላይ የሚልከው ሪፖርት ላይ «ክብደት» የሚል ሠንጠረዥ ስለነበረው ቱባዎቹ ይመዘኑ አለ። ከእህል መጋዘኑ ሚዛን በቀር ሌላ ሚዛን በከተማው አልነበረም። ያ ሚዛን ደግሞ ከሰኔ ወዲህ ሥራ ፈትቶ አቧራ ለብሷል፤ የሚመዘን እህል የለማ። ሁለት ወዛደሮች እየጎተቱ ወደ መጋዘኑ በር አወጡት። ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ሲንሿጠጥ ድምፁ እስከ ገበያው ተሰማ።

ያንን ድምፅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀና ስል ሰልፍ ተሠርቷል። ማን እንዳሰለፋቸው አላውቅም። ከገጠር ወጥተው በየአጥሩ ሥር የተጠለሉት ሁሉ መጥተዋል። አንዱ ማዳበሪያ ይዟል፤ አንዱ ስልቻ፤ አንዲት ሴት ምንም ስላልነበራት የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ ቆማለች። አልተጋፉም፤ አልጮሁም። ከፊት የነበሩ አንዲት ባልቴት ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ስንት ስንት ኪሎ ይደርሰናል?»

«እማማ፣ እህል አይደለም።»

ሚዛኑ ላይ የተቀመጠውን ናስ አተኩረው አዩት። «ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጡሩምባ ነው።»

«ለምን ይመዝኑታል?»

 ወደ ኃላፊው ዞርኩ፤ እሱ ወረቀቱን ያያል። «አሥራ ሁለት» አለ ሚዛን አንባቢው። ጻፍኩ። «ስምንት ከሦስት መቶ።» ጻፍኩ። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ለጎረቤቱ «ከእሱ ቀጥሎ ይሆናል» ሲል ሰማሁት። ስለዚህ ማንም አልሄደም፤ ከናሱ ቀጥሎ እህል እስኪመዘን ቆመው ጠበቁ።

እኔም በእነሱ ፊት ነፋሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን አጠለቅኩት። የእሱ ድምፅ ሰፊ ነው፤ ግን ባዶነት አለው። ወደ ፊት ይሄድና ይበተናል፤ ጥሩ ጎረምሳ እንጂ ሽማግሌ አይሆንም። የምችለውን ያህል አሳምሬ ነፋሁት፤ ኮሚቴው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ተቀምጬ ከባዱን ጭኔ ላይ አቆምኩት። ከንፈሬን አላልቼ፣ ቁልፎቹን በግማሽ ብቻ ተጭኜ ላበላሸው ነበር ያሰብኩት። የመጀመሪያው ድምፅ ግን አመለጠኝ። ሰባት ዓመት የለመደ ከንፈር ነው፤ ሳላዘው ቦታውን ያዘ። ድምፁ ከመሬት እንደሚወጣ ሁሉ በወንበሩ እግር፣ በአጥንቴ፣ በመጋዘኑ ቆርቆሮ ውስጥ አለፈ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ ከነፋኋቸው ሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ያ ነው። ወዲያው እህቴ ትዝ አለችኝና ከንፈሬን ለቀቅኩት። ቀጥሎ የወጣው ድምፅ በሬ ሲያገሳ ቢሉት ይቀላል።

«የመጀመሪያው ድምፅ ደህና አልነበረም እንዴ?» አለ ኃላፊው።

«ሲሞቅ ነው ጓድ የሚበላሸው። ቱቦው ውስጥ ስንጥቅ ሳይኖረው አይቀርም።»

«ወላሂ ስንጥቅ ነው!» አለ ሽማግሌው ከኋላ። «እኔ በዚህ በደካማ ጆሮዬ ሰማሁት።»

ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። «ከባዱ ቱባ ድምፁ የተበላሸና ለአገልግሎት የማይበቃ ሆኖ ስለተገኘ ተመላሽ ይደረግ።» ማኅተም አረፈበት። የሦስት ቀን ይለፍ፣ ለአንድ ሰው፣ ተፈረመልኝ። ስንወጣ ሰልፉ እንዳለ ነበር። ወዛደሮቹ ሚዛኑን መልሰው ሲያስገቡ ነው ለተሰለፉት ነገሩ የገባቸው። ባልቴቷ ባዶ ስልቻቸውን አጥፈው በፊቴ አለፉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናው በአቀስታ ሲያልፍ ሾፌሩ አልቆም አለኝ፤ ደሴ እስከ ምሽት መድረስ አለበት። ገበያው ጥግ ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ አንዲት የማውቃትን የጨው ነጋዴ ጠርቼ «እህቴን እየመጣ ነው በያት፤ ከሦስት ቀን አያልፍም» ብዬ ጮህኩ። እሺ በሚል እጇን አነሳች።

ደሴ ላይ የመጋዘኑ ዕቃ ተረካቢ ሆኖ ያገኘሁት በወጣትነቴ ከጎኔ ትሮምቦን ይነፋ የነበረ ጓደኛዬን ነው። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ቃለ ጉባኤውን አነበበ፤ ቱባውን አነሳ፤ አንድ ጊዜ ረጅም አድርጎ ነፋው። መጋዘኑ ተንቀጠቀጠ።

«ቱባው ጤነኛ ነው» አለኝ። «የታመምከው አንተ ነህ።»

ሁሉንም ነገርኩት። አዘነልኝ፤ ሆኖም ዕቃውን አልረከብም አለ። የተበላሸ ብሎ ቢረከብ ማን እንዳበላሸው ይጠየቃል። ጤነኛ ብሎ ቢረከብ እኔ ኮሚቴ ዋሽቼ እገኛለሁ፤ ያን ጊዜ ኮሚቴ ዋሽቶ መገኘት በዋዛ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። «ለሁለታችንም የሚሻለው፣ እኔ አላየሁህም፤ መልሰህ ውሰደው» አለኝ። አልፈልግም ተብሎ የተመለሰ የሙሽራ ጥሎሽ ይመስል ያንን አሥራ ሁለት ኪሎ ደጃፉ ላይ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ከመካነ ሰላም ያወጣኝ ቱባ ወደ መካነ ሰላም መልሶ ሊወስደኝ ነው።

ለእራት ቤቱ ወሰደኝ። ለእህቴ እህል ይዤ መሄድ እንደምፈልግ ነገርኩት፤ መንገድ ላይ ያሉት ኬላዎች ያለ ፈቃድ አንዲት ቁና እንኳ እንደማያሳልፉ ሁለታችንም እናውቃለን። ማዕዘኑ ላይ የቆመውን ቱባ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ይኼን ሁሉ ሆድ ይዞ ባዶውን ይሄዳል?» አለ።

ሚስቱ ለቆሎ ያስቀመጠችው ገብስ ነበራት፤ አንድ ቁና የሚሞላ፣ ነጭ፣ ፍሬው የደነደነ። እህሉ ወደ ቱቦው እንዳይወርድ መጀመሪያ ሥሩን በአሮጌ ነጠላ ወተፍነው። ከዚያ ገብሱን አፈሰስን፤ ከላይም ጨርቅ ጠቅጥቀን የሸራ ልብሱን አልብሰን አሰርነው። ሳነሳው ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ። ሳቅን፤ እሱ ግን ሳቁን ቶሎ አቆመ።

በማግሥቱ በሌላ ጭነት መኪና ተመለስኩ። ከአቀስታ በፊት ባለው ኬላ አወረዱን። ጠባቂው በጠመንጃው አፈሙዝ ሸራውን ነካ ነካ አደረገ።

«ምንድን ነው?»

«የመንግሥት ንብረት። ቱባ ይባላል፤ የሙዚቃ መሣሪያ ነው።»

«ሙዚቃ?» ፊቱ በራ። ብርድ ላይ ቆሞ የሰለቸው ልጅ ነው። «እስቲ ንፋው።»

 ነፋሁ፤ ምን ምርጫ ነበረኝ! ትንፋሼ ነጠላውና ገብሱ ላይ ደርሶ ወደ ደረቴ ተመለሰ። በጎን ሾልኮ የወጣው የታነቀ ሰው ሲቃ ዓይነት ነገር ነው። ጠባቂዎቹ ተያዩ። በላብ የራሰውን ቃለ ጉባኤ አውጥቼ ሰጠሁት። ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ድምፁ የተበላሸና ለአገልግሎት የማይበቃ።» ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እውነትም ተበላሽቷል! ሂድ፣ ሂድ፣ አቦ።»

አቀስታ ላይ ወረድኩ። ቱባውን በገመድ ጀርባዬ ላይ አስሬ ዳገቱን ያዝኩ። ግማሽ ቀን ነው የሄድኩት፤ በየመቶ እርምጃው እየተቀመጥኩ። ጉሙ ወርዶ ስለነበር ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ድንገት ነው ፊቴ የሚወጡት። ሁሉም ወደ ታች፣ ወደ መንገድ ነው የሚሄዱት። አንዱ ሽማግሌ ሸክሜን አይተው «አንተ ደግሞ ሰው በሚወርድበት ምን ይዘህ ትወጣለህ?» አሉኝ።

እህቴ ቤቷ ነበረች። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስታየኝ ለመነሳት ሞክራ ተመልሳ ተቀመጠች። ባሏ ቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ከወረደ ሁለት ወሩ ነው። ሦስቱ ልጆች ግድግዳው ሥር ናቸው። ትንሿ አራት ዓመት ይሆናታል፤ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«እታለም» አልኳት። 

«መጣህልኝ» አለች። «ይኼ ጀርባህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ገብሱን በሰፌድ ላይ ስገለብጥ ልጆቹ ተንፏቀው መጡ። ትንሿ ባዶ ወደሆነው የቱባ አፍ አንገቷን አስገባች፤ ከዚያ ውስጥ «እማዬ» አለች። ድምፁ አድጎ፣ ወፍሮ ወደ ራሷ ተመለሰ። ደንግጣ ወጣች፤ ሳቀች፤ እንደገና ገባች። ከዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ ይሰማል ብዬ አልጠበቅኩም። ማልቀሴን ለመደበቅ ገመድ ስጠቀልል ቆየሁ።

እህቴ ግን ልጅቷን አላየችም። ከገብሱ እፍኝ ዘግና ወደ ብርሃን ወጣች። አንዷን ፍሬ ነከሰች፤ ሌላዋን በጥፍሯ ሰነጠቀች፤ መዳፏ ላይ አንከባለለችው።

«ዘር ነው» አለች።

«እህል ነው። ቆልተሽ አብያቸው።»

«የት አገኘኸው? እንዲህ ያለ ዘር ካየሁ ቆየሁ። የእኛን እኮ በግንቦት በልተን ጨረስነው።»

«እታለም፣ እባክሽ። ልጆቹን እያቸው።»

«አያቸዋለሁ።» ቁጣዋ ድንገት ነው የመጣው። «ከአንተ በፊት አያቸዋለሁ። ይኼን ዛሬ ብንበላው ለአሥር ቀን ነው። ከዚያስ? መንገድ። በልግ ሲመጣ የሚዘራ የሌለው ሰው እዚህ ምን ያደርጋል? መሬቱን ዘግቶ ይወጣል። እኔ አልወጣም።»

«በልግ እኮ ገና ስድስት ወር አለው!»

«አውቀዋለሁ ስንት እንዳለው።»

ጮህኩባት። ጨካኝ ነሽ አልኳት፤ እንዳሳደገችኝ፣ እንዳዘለችኝ ረሳሁ። አሥራ ሁለት ኪሎ ናስ ዳገት ያወጣሁት ጎታ ውስጥ ሊቀመጥ ነው ወይ አልኳት።  በመጨረሻ ሁለት እፍኝ ቆላችና ለልጆቹ አከፋፈለች፤ ዓይኔን ዓይኔን እያየች። ያደረገችው ለልጆቹ እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ ለእኔ ነው፣ አይቼ እንድሄድላት። አብረን እንሂድ ብላት ይለፉ ለአንድ ሰው ነው። ልቆይ ብል የይለፉ ቀን ነገ ያልቃል፤ ያለ ይለፍ ተይዤ ብታሰር ደግሞ ለእነሱም አልሆንም። ያን ቀን የትኛውን በር ብገፋ የሚከፈት አልነበረም። በማግሥቱ ጠዋት ባዶውን ቱባ አዝዬ ወረድኩ።

በዓሉ ተከበረ። ሽማግሌው ቀላሉን አጥልቆ፣ እኔ ‹ደሴ አልረከብም አለች› ብዬ መልሼ ያስመዘገብኩትን ከባዱን ታቅፌ ሁለታችንም ነፋን። ኃላፊው ጆሮውን አዘንብሎ ሰማና መጥቶ ትከሻዬን መታ።

«ተሠራ እንዴ?»

«ተሠራ፣ ጓድ።»

«አየህ፣ ከሁለቱ ይኼ ይበልጣል።»

በኅዳር መጨረሻ በቅሎ ነጂው ነጋዴ ደጃፌ ላይ ቆመ። ቆቡን አወለቀ። ትንሿ ሞታለች። ሁለቱ እርዳታ ደርሶላቸው ተርፈዋል፤ እህቴም አለች፤ ከቤቷ አልወጣችም። የምጠይቀውን ጥያቄ መጠየቅ አልፈለግኩም ነበር፤ ግን ጠየቅኩ።

«ገብሱስ?»

«ጎታው ውስጥ ነው» አለኝ። «እንዳለ ነው።»

ለብዙ ጊዜ ስሟን መስማት አልፈለግኩም። ሰው ሲያወራልኝ ወሬውን አስቀይር ነበር። የዚያ ዓመት በልግ ግን ዘነበ። በሰኔ ያው ነጋዴ አንድ ቁና አዲስ ገብስ አመጣልኝ፤ «ያንተው ዘር ነው፤ ቆልተህ ብላልኝ» ብላለች አለ። ከደጋው ሰፈር ቤታቸውን ሳይዘጉ የቀሩት ጥቂት ሰዎች እንደሆኑ፣ ዘር ካላቸው ከጥቂቶቹ አንዷ እሷ እንደነበረች፣ ለጎረቤትም እንዳካፈለች ነገረኝ። ቁናውን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ሁለት ቀን ዙሪያውን ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ቆልቼ በላሁት። ገብሱ ጥሩ ነበር።